ጎማ፣ ጋንቾ እና ጋሽ ዶሌቦ

ስለ ጎማ ማውራት ስጀምር ባለቤቴ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ ልጆቼ ስልካቸውን ያወጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔ አንዴ ከጀመርኩ ፍሬኔ አይይዝም። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ለስላሳና ኬክ አቅርቦ ሸኘኝ። "አጭር ንግግር ያድርጉ" ሲሉኝ ስለ ኋላ ጎማ የአየር ልክ ማስረዳት ጀመርኩ። ኃላፊው ሰዓቱን ደጋግሞ አየና ሳልጨርስ አስጨበጨበልኝ።

አሁን ግን የሚያስቆመኝ የለም። ባለፈው መስቀል ማግሥት ሆሳዕና ዳርቻ ባለው ሜዳ ላይ ያየሁትን ካልጻፍኩ አንጀቴ አይርስም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንኳ በወጉ አልያዘኝም፤ ከደስታ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ተፈራ እባላለሁ። አባቴ ከሰሜን ሸዋ በመምህርነት ተመድቦ መጣና ሆሳዕናን ወደዳት፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ። ሀዲይሳ እናገራለሁ፣ ጓደኞቼ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይስቃሉ። የመምህር ልጅ ሆኜ ትምህርት አልገባኝ አለ። አባቴ ተስፋ ሲቆርጥ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ "ይኸው፣ እጁ እንኳ ይሥራ" ብሎ አስረከበኝ። የጎሚስታ ሥራ ለሚያየው ቀላል ነው፦ ጎማ መፍታት፣ ከቸርኬው ማውጣት፣ መለጠፍ፣ መንፋት። እኔ ግን በሳምንቱ ጎማ የባለቤቱን ጠባይ እንደሚናገር ገባኝ። መሀሉ ብቻ የተበላ ከሆነ ባለቤቱ አየር ያበዛል፤ ፈሪ ነው። ዳርና ዳሩ የተበላ ከሆነ ከልኩ በላይ ይጭናል፤ ስስታም ነው። ሰውየውን ሳላየው አማሁት ማለት ነው።

ቆይቼ በመንገድ ጥገና ካምፕ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ በዱራሜ መስመር፣ በኋላም ሆሳዕና ባለው ጋራዥ ሠራሁ። ስለ ደመወዙ ዝም ማለት ይሻላል። አለቆችም ብዙ አየሁ። አንደኛው ጎማ በሳሙና እየታጠበ እንዲያብረቀርቅ ያዘን ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ያፍራል። ሌላው ደግሞ ለአንዲት ብሎን አምስት ፊርማ ካልተሰበሰበ አይለቅም። እግዜር ይስጣቸው፣ ትዕግሥት አስተማሩኝ። ሥራ ያስተማረኝ ግን ጋሽ ዶሌቦ ነው።

ጋሽ ዶሌቦ የካምፑ በያጅ ነበር፤ መኪና ጭቃ ሲይዘው ጎትቶ የሚያወጣውም እሱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ የሞርሲቶ ሰው ነው። የቸርች ሽማግሌ ስለሆነ ሲናደድ እንኳ "ጌታ ይባርክህ" ነው የሚለው። እኛ ግን የትኛው "ጌታ ይባርክህ" ምርቃት እንደሆነ፣ የትኛው ስድብ እንደሆነ ለይተን እናውቅ ነበር።

ያኔ የጃጁራ መንገድ አስፋልት አያውቅም። ክረምት ሲገባ ቡላና ድንች የጫነ መኪና እየመጣ ይዘፈቅ ነበር። አንድ ቀን ዘር ድንች የጫነ መኪና ዳገቱ ሥር እስከ ሻንሲው ሰጠመ። ዝናቡ ድንቹን እያበሰበሰው ነው፤ ገበሬዎቹ መሬታቸውን አርሰው ዘር ይጠብቃሉ። ሁለት ትልልቅ መኪኖች ሞከሩት፣ ሁለቱም ሰፋፊ አዲስ ጎማ ያላቸው ነበሩ። ጎማቸው እዚያው ዞረ፣ ጭቃውን ፊታችን ላይ ረጨብን፣ አለቀ። ከዚያ ጋሽ ዶሌቦ የካምፑን አሮጌ የውሃ ቦቴ እየነዳ መጣ። ጎማው ጠባብ ነው። እኔ አፌን ሞልቼ ሳቅሁ፦

"ጋሼ፣ በዚህ ቀጭን ጎማ? እነዚያ እንኳ አልቻሉትም!"

"ጌታ ይባርክህ ተፈራ" አለኝ፤ ስድቡን ነው። "ሰፊው ጎማ በላይ በላዩ ይንሳፈፋል። ጠባቡ ግን ጭቃውን ቆርጦ ወርዶ ጠንካራውን መሬት ያገኘዋል። ጭቃ ላይ መሬት መፈለግ ነው ሥራው።"

ከኋላ ጎማዎቹ ትንሽ አየር አስቀነሰኝ። ከዚያ ሰንሰለቱን ከቦቴው የኋላ ጋንቾ፣ ማለትም መጎተቻ መንጠቆ ላይ ሲሰካ ቁመቱን በጉልበቱ ለካ። "ጋንቾው ከጉልበት በላይ ከወጣ መኪናው አፍንጫውን ያነሳል፣ መሪው ይጠፋብሃል። ከጉልበት በታች ከወረደ ደግሞ የኋላ ጎማው ክብደት አያገኝም፣ እዚያው ይዞራል" አለኝ። ቦቴው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ያ መኪና ከነድንቹ እየተንቋቋ ከጭቃው ወጣ። ገበሬዎቹ ጋሽ ዶሌቦን ተሸክመው ጨፈሩ። እኔም ጭቃዬን ሳልጠርግ አብሬ ጨፈርኩ። የሰው ልጅ ለካ በሥራው ይሰክራል! እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ልማዶቹ ዛሬም ዓይኔ ላይ ናቸው። ከመጎተቱ በፊት አፈር ዘግኖ ይጨብጣል፤ ቡጢው ሲከፈት አፈሩ ከተፈረፈረ አንድ ዓይነት ጎማ፣ እንደተጨበጠ ከቀረ ሌላ ዓይነት ጎማ ያዘኛል። የተወጠረ ሰንሰለት ላይ እርጥብ ጆንያ ይጥላል፤ ቢበጠስ ጆንያው ይዞት ይወድቃል እንጂ ሰው አይመታም። የተወጠረ ሰንሰለት ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ካየ ሥራውን አቁሞ ያንን ሰው ይመክራል፤ ምክሩ ሰዓት ይፈጃል። ጋንቾ ላይ የሚሰካውን ሰንሰለት ግን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ አጭር ጸሎት ያደርጋል፣ ራሱ ጎንበስ ብሎ ይሰካል፣ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። ቡና እንኳ ሳይጠጣ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ነው ይላል፤ እኔ ግን እንደ ጾም ነው የማየው።

አስፋልት ሲመጣ እኛ ሥራ ፈታን። ለሕዝቡ እሰየው ነው፣ ለሾፌሮች ግን ጉራው ቀረ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለው "የእኔ መኪና ያንተን ከነጭነቱ ይጎትታል" ይባባላሉ፣ ማረጋገጫ ግን የለም። በኋላ የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሺንሺቾና የጃጁራ ሾፌሮች ተመካከሩና መስቀል አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ሜዳ ላይ መጎታተት ጀመሩ። ሽልማት የለውም፤ ለዓመቱ ጉራ ነው።

የሚጎተተው እኛ "አልጋው" የምንለው ነገር ነው። ከወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች ይሠራል፣ ላዩ ጣውላ ይነጠፍበታል። ሜዳው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው እንጨቶች ተተክለዋል። መኪናው አልጋውን እየጎተተ በዝግታ ሲሄድ በየጨርቁ የቆመ ሰው እየዘለለ ይወጣና ይቀመጣል። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል። ሰዉ ደግሞ ይዘፍናል፣ ሾፌሩን ይሳደባል፣ ያበረታታል። የቆመበት ቦታ ይለካል፤ ርቆ የሄደ ያሸንፋል። ከዚህ የሚበልጥ መዝናኛ በዓለም ላይ ካለ ንገሩኝ።

የእኛ ሾፌር ጳውሎስ ነበር፤ ከጃጁራ ቡላ የሚያመላልስ ቀልደኛ ልጅ። መለስተኛ የጭነት መኪናውን "ጎሹ" ይላታል። እኔ ጎማ እመርጣለሁ፣ ጋሽ ዶሌቦ ጋንቾ ይበይዳል፣ ሰንሰለት ያስራል። ሁለት ዓመት በተከታታይ አሸነፍን። ዱራሜዎች ሲያዩን ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። ጎሹ በደንብ እየጎተተች ነበር፣ የመጨረሻው ጨርቅ ቀርቷታል። እዚያ ጋ ከሺንሺቾ የመጡት አባባ ሄራሞ ቆመዋል። አባባ ሄራሞ በዚያ አካባቢ ሰው የሚያስታርቁ፣ ምራቃቸውን የዋጡ የከምባታ ሽማግሌ ናቸው። ሊመርቁን ነበር የመጡት። አንዱ "አባባም ይውጡ!" ብሎ ጮኸ፣ ሁለት ጎረምሶች ደግፈው አወጧቸው። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ሆነ። ጎሹ አፍንጫዋን አነሳች፤ ሰንሰለቱ ላልቶ በኃይል ተወጠረ፤ ጋንቾው ከነብረቱ ተገንጥሎ ወጣ። ጆንያው ሰንሰለቱን ይዞ ስለወደቀ ማንንም አልመታም። አልጋው ላይ ያለው ሰው ግን እርስ በርሱ ተደራርቦ ወደቀ። ሌላው ሁሉ አፈሩን አራግፎ ተነሳ፤ አባባ ሄራሞ ግን አልተነሱም። ጭናቸው ተሰብሮ ነበር።

 ጋሽ ዶሌቦ ሮጦ ሄዶ ራሳቸውን ጭኑ ላይ አስደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሆስፒታልም አብረን አደረስናቸው። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠየቀ። አባባ ሄራሞም "ልጄ ነው፣ ምን በደለኝ?" ብለው ከነጄሶአቸው አቅፈው ሳሙት። እሳቸው ይቅር አሉት፤ እሱ ግን ራሱን ይቅር አላለም። "እኔ የበየድኩት ነው የለቀቀው" አለ፣ አበቃ። ከዚያ በኋላ ሰንሰለት አልነካም። ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጥቶ ሞርሲቶ እንሰቱ ዘንድ ገባ። የራሱ ግቢ በር ማጠፊያው ሲነቀል እንኳ ሌላ በያጅ ጠራ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሾፌሮቹም ፈሩ። ከዚያ ወዲህ አልጋው ላይ ሰው ቀርቶ ድንጋይ ይጫን ጀመር። ጉተታው ሞተ ማለት ነው፤ ድንጋይ አይዘፍን፣ አይሳደብ!

ዓመታት አለፉ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። በወጣሁ ሰሞን ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ ድንኳን ውስጥ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ። አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። "ኖር! ኖር!" ተባለ፤ አጠገቤ የነበሩት በሙሉ ብድግ አሉ። እኔ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ዘገየሁ። ወንበሩ ያ ሁሉ ሰው ሲነሳለት በእኔ በኩል ዘጭ አለ፣ ወዲያኛው ጫፍ ሽቅብ ተነሳ። እኔ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ሐዘንተኞቹ ሳቃቸውን ለመያዝ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። እኔ ግን ከወደቅሁበት "አገኘሁት!" ብዬ ጮህኩ። በለቅሶ ቤት! ባለቤቴ ለሳምንት አኮረፈችኝ።

ያገኘሁት ይህን ነው። ያን ቀን አባባ ሄራሞ አልጋው ላይ ሲወጡ ተቀምጦ የነበረው ሰው ሁሉ "ኖር!" ብሎ ተነስቶላቸዋል፤ ያኔ ሐሳባችን ሁሉ ጎማው ላይ ስለነበር ልብ አላልነውም። መነሳት ብቻ አይደለም፤ የክብር ቦታ ፊት ስለሆነ ፊት የነበሩት ለቀውላቸው ወደ ኋላ ተግተልትለዋል። አልጋው ፊቱ ቀለለ፣ ኋላው ከበደ፤ የኋላው ግንድ እንደ ማረሻ መሬቱን ቆፍሮ ገባና ቀጥ አለ። ጎሹ ደግሞ በሙሉ ጉልበቷ ላይ ነበረች። ጋንቾው ምን ያድርግ? ብየዳውማ አልለቀቀም! የተቀደደው የተበየደበት ብረት ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰዉም የተደራረበው ቆሞ ስለነበር ነው፤ ተቀምጦ ቢሆን ማንም አይወድቅም ነበር።

በማግሥቱ ሞርሲቶ ሄድኩ። ጋሽ ዶሌቦ እንሰት ሲኮተኩት አገኘሁት። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አግዳሚውን፣ ድንኳኑን፣ መውደቄን ሁሉ። ሲሰማኝ ቆይቶ መኮትኮቻውን አስደገፈ።

"ታዲያ ሰዉ ለሽማግሌ ባይነሳ ምን ሊሆን ነው? ባለጌ ሊሆን ነው?"

"አይ ጋሼ፣ እኔ እንዲያ..."

"አትነሱ ልትላቸው ነው? እኔ እንኳ አልጋው ላይ ብሆን እነሳ ነበር። ሰው አክብሮ በተነሳ ጥፋቱን በሱ ላይ አላላክክም፣ ጌታ ይባርክህ።"

የትኛው "ጌታ ይባርክህ" እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልቤ ተሰበረ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ምስጢሩን ሳገኝለት፣ ጭራሽ ሰዉን የከሰስኩ መሰለው። ሚስቱ እትዬ ማርታ በረንዳ ላይ ድንች ትልጣለች። ቀና ሳትል፦

"እናንተ ሰዎች ማዕድ ላይ ቀርባችሁ አታውቁም?" አለችን።

"እንዴት?" አልኳት።

"ትልቅ ሰው ተቀምጦ ነው እንጂ ሌላው የሚቀመጠው። ሽማግሌውን መጀመሪያ ማስቀመጥ ነዋ! ከዚያ ማን ለማን ይነሳል? በዕድሜ በዕድሜ ይውጡ፣ ልጆቹ መጨረሻ።"

እኔና ጋሽ ዶሌቦ ተያየን። ስንት ዘመን ክብደት ስናሰላ የኖርን ሰዎች!  ጋሽ ዶሌቦ ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነና ጨበጠ። የእንሰት ጓሮ አፈር፣ ለምንም የማይሆን! እጁ ግን አላስቻለውም። እኔ ያኔ ደስታዬን ዋጥኩ፤ ብናገር ይሸሻል ብዬ ፈራሁ።

"ጎማውን አብሬህ አያለሁ" አለኝ። "ሰንሰለት ግን አልነካም። እሱን እንዳትጠይቀኝ።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ጳውሎስ አሁን ሦስት ልጆች አሉት፣ ሆድም አውጥቷል፤ ጎሹን ግን አልሸጣትም። ሾፌሮቹን ሰብስበን የእትዬ ማርታን ሐሳብ ስንነግራቸው መጀመሪያ ተንጫጩ። ዱራሜዎች "ደግሞ የማንን እግር ልትሰብሩ ነው?" አሉን። የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ሆነን ሠርተን አሳየናቸው፤ በዕድሜ ሲወጣ የሚነሳ ሰው እንደሌለ ሲያዩ እነሱም ተቁነጠነጡ። ለካ ድንጋይ መጎተት እነሱንም ሰልችቷቸው ኖሯል።

ከዚያ የጎማው ነገር መጣ፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ። ጳውሎስ ለኋላ እግር አዲስ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ገዝቶ ጠበቀን፤ ሊያኮራን ነው። ጋሽ ዶሌቦ ጎማውን ዞሮ አየና "ለክረምት አስቀምጠው" አለው።

"ጋሼ፣ ጥርሱን እዩት እንጂ! ይነክሳል እኮ!"

"ጭቃ ይነክሳል። ደረቅ መሬት ላይ ግን ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር ጉልበትህ አየር ላይ ይቀራል። ጥርሱ ግማሽ ያለቀ፣ ጎኑ ግን ጤነኛ የሆነ አምጣልኝ።"

"ግማሽ ያለቀ፣ ጎኑ ጤነኛ... ጋሽ ተፈራን እናስገጥመው ይሆን?" አለ ጳውሎስ። ተሳሳቅን። ጋሽ ዶሌቦም ሳቀ፤ ያን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።

አራት ግማሽ ያለቁ ጎማዎች ከየጋራዡ ለቃቀምን። የኋላ ጎማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚገጠሙ ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ ካጠረ ረጅሙ ብቻውን ይሸከማል፣ አጭሩ ለጌጥ ይዞራል። እየነፋሁ፣ በገመድ ዙሪያቸውን እየለካሁ፣ እያቀያየርኩ ልክ አስገባኋቸው። አየሩን እኔ ዝቅ ላደርገው ፈለግሁ፤ ጋሽ ዶሌቦ "ከዚህ ካወረድከው ቸርኬው ጎማው ውስጥ ይሽከረከራል፣ የውስጡንም ላስቲክ ይቆርጠዋል" ብሎ አስጨመረኝ። ተከራከርን። እንዴት ደስ የሚል ክርክር ነበር! ከፊት መከላከያው ላይ የአሸዋ ከረጢቶች አሰርን፣ አፍንጫዋን እንዳታነሳ። ጋንቾውን ጳውሎስ የጠራው በያጅ ሠራው፤ ጋሽ ዶሌቦ ራቅ ብሎ ቆሞ በቃል ብቻ አዘዘ። እንደ ድሮው አንድ ብረት ላይ መለጠፍ ቀረ፤ ሁለቱን የሻንሲ ጎኖች በሚያገናኝ ወፍራም ብረት ላይ ተበይዶ በብሎንም ታሰረ። ቁመቱ እስከ ጉልበት ድረስ ነው፤ የጋሽ ዶሌቦ ጉልበት ማለቴ ነው፣ የእኔማ ጉልበት ወደ መሬት ቀርቧል።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው ጥቅጥቅ ብሎ ሞላ። ድንጋይ ቀርቶ ሰው ሊጫን ነው ሲባል ከዱራሜ ድረስ በአውቶቡስ መጡ።  ጋሽ ዶሌቦ መጣ፤ ግን ሰዉ መሀል ሳይሆን አጥሩ ጋ ብቻውን ቆመ፤ ኮቱን ቆልፎ፣ እጆቹን ኋላው አጣምሮ። እትዬ ማርታ አጠገቤ መጥታ "ዝም በለው፣ አትጎትጉተው" አለችኝ።

የዱራሜው መኪና ቀድሞ ጎተተ። ጎበዝ ናቸው፣ አልዋሽም፤ ከመጨረሻው ጨርቅ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ከዚያ የእኛ ተራ ሆነ። አልጋው ተስተካከለ። በዕድሜ ነው የሚወጣው፤ "ትልቁ ማነው? ትልቁ ይቅደም!" ተባለ።

ሰዉ ገለል አለ። አባባ ሄራሞ በዱላ እየተደገፉ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ።  ሳልመክር ሳልዘክር ዞሬ ጋሽ ዶሌቦን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አባባ ሄራሞ እስከ አልጋው መጡ፣ በዱላቸው ግንዱን ነካ ነካ አደረጉት፣ ከዚያ ሰንሰለቱን ይዞ የቆመውን በያጅ አዩት።

"አንተ ነህ የምታስረው?"

"አዎ አባባ።"

"ጎበዝ ልጅ ነህ፣ እግዚአብሔር ያሳድግህ። ዶሌቦ የት ነው?"

 የሁሉም ዓይን ወደ አጥሩ ዞረ።

"ዶሌቦ!" አሉ። ድምፃቸው እርጅና አያውቀውም። "እኔ ከሺንሺቾ ድረስ በዚህ እግሬ የመጣሁት አንተ ባሰርከው ላይ ልቀመጥ ነው። ሌላ ሰው ያሰረው ላይ አልወጣም። ቆሜ እጠብቅሃለሁ።"

ሽማግሌ አስቁሞ ማስጠበቅ በእኛ አገር እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሽ ዶሌቦ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ በመጨረሻ ያ ረጅም ሰውዬ እየሮጠ መጣ። ኮቱን አውልቆ ለእትዬ ማርታ ወረወረላት። ሰንሰለቱን ከልጁ ተቀበለ። አባባ ሄራሞ መዳፋቸውን እጁ ላይ አሳረፉና እስኪረጋ ያዙት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፣ ጎንበስ አለ፣ ሰካው፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። እርጥብ ጆንያ ጠየቀ፣ አለበሰው። እኔ እምባዬ ይወርዳል፣ አፌ ግን "እሰይ! እሰይ!" ይላል።

አባባ ሄራሞ ፊት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሌሎቹ ሽማግሌዎች በዕድሜ በዕድሜ አጠገባቸው ተሰየሙ። ጳውሎስ የጎሹን ሞተር አስነሳ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ጨብጠው ተቀመጡ። አልዘለሉም! ግማሽ ያለቀው ጥርስ አፈሩን እየላሰ ሄደ። በመጀመሪያው ጨርቅ ጎልማሶች ወጡ፣ ማንም አልተነሳም። በሁለተኛው ወጣቶች ወጡ፣ ማንም አልተነሳም። ልጆቹ መጨረሻ ኋላ ላይ ተደረደሩ። መዝሙሩ ተነሳ፣ ግማሹ በሀዲይሳ፣ ግማሹ በከምባትኛ፣ እኔ በአማርኛ እጮሃለሁ። ጎሹ አፍንጫዋን ትንሽ ቀና አደረገች፤ ከረጢቶቹ መለሷት። የዱራሜዎችን ምልክት አለፈች። የመጨረሻውን ጨርቅ አለፈች። ጋሽ ዶሌቦ ከሰንሰለቱ ራቅ ብሎ ጎን ለጎን እየሮጠ "አትጨምር! አትጨምር! እንዳለህ ሂድ!" እያለ ይጮሃል፤ ያ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው!

ጳውሎስ የቆመው ሜዳው አልቆበት ነው፣ ከፊቱ አጥር እንጂ መሬት የለም። ዱራሜዎች ራሳቸው መጥተው ጋሽ ዶሌቦን አንገቱን አንቀው ሳሙት። እሱ አላያቸውም፤ ዓይኑ አልጋው ላይ ነው። እየሮጠ ሄዶ አባባ ሄራሞ ፊት ቆመ።

"አባባ፣ ደህና ነዎት? አመመዎት? ይውረዱ፣ ልደግፍዎት" አላቸው፣ እያለከለከ።

አባባ ሄራሞ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ዞር ብለው የመጣንበትን ሜዳ እስከ ጫፉ ድረስ አዩት። ከዚያ ቦታቸውን አመቻችተው ተደላደሉ።

"ምን እወርዳለሁ?" አሉ። "መልሰኝ እንጂ!"

ጋሽ ዶሌቦ ሰንሰለቱን ፈትቶ በትከሻው ተሸክሞ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ፣ "ጳውሎስ! መኪናውን አዙር!" ብሎ ጮኸ።